የድሮ የካውያ ንድፍና የወጥ ቤት ፎጣ፦ ልተኩሰው ወይስ ልቅዳው?

ባለፈው ዓመት ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከቤታችን ብዙ የማይርቅ ኢስቴት ሴል (የአንድ ቤት ዕቃ ተጠራርጎ የሚሸጥበት) ላይ፣ አንድ ቡናማ ፖስታ በ4 ዶላር ገዛሁ። ውስጡ 11 ቅጠል ስስ ወረቀት አለ። ቢጫ ሆኗል። እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ምንም አልቀረውም። ወረቀቱ ላይ በሰማያዊ ቁርጥርጥ መስመር ድመቶች ተስለዋል። አንዷ ልብስ ታጥባለች፣ አንዷ ትተኩሳለች፣ አንዷ መነጽር አድርጋ ካልሲ ትጠግናለች። በየሥራቸው የቀን ስም ተጽፏል። ፊደሉ ግን ተገልብጧል፤ መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ጽሑፍ።

እቤት እንደገባሁ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ የሰኞዋን ድመት ነጭ ፎጣ ላይ ዘረጋሁና ካውያ ጫንኩባት። ካውያው እንፋሎት ላይ ነበር፤ ልብ አላልኩም። ወረቀቱ ረጠበና ተኮማተረ። ሳነሳው ፎጣው ላይ ሰማያዊ ጭጋግ ቀረ። ድመቷ አንድ ጆሮና ግማሽ ጭራ ነበራት። ወረቀቱም እጄ ላይ ለሁለት ተከፈለ።

እማዬ ሶፋው ላይ ሆና ታየኛለች። "ምነው፣ መጀመሪያ አትቀጂውም ነበር?" አለች። እሷ በልጅነቷ የራዲዮ ልብስና የትራስ ልብስ ስትጠልፍ ንድፍ እንደ ዓይን ብሌን ነበር የሚጠበቀው። አንድ ወረቀት ከጎረቤት ጎረቤት ይዞራል። በካርቦን ይቀዳል፣ ለባለቤቱ ይመለሳል። አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ያልሞከርኩት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። አሁን ሰው "የቱ ይሻላል?" ሲለኝ እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ መስመሩ ጨርቁ ላይ እንዲቀር ነው የምትፈልጉት ወይስ እንዲጠፋ? በካውያ የሚታተመው ቀለም ሊቀር የተሠራ ነው። በክር ካልሸፈናችሁት ከፎጣው ጋር አብሮ ያረጃል። በውሃ የሚለቀው እስክሪብቶ ደግሞ ሊጠፋ የተሠራ ነው። የጨርቁ ዓይነት፣ የክሩ ውፍረት፣ ስፌቱ፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው የሚመጣው።

ወረቀቱ ምንድን ነው?

የካውያ ንድፍ ማለት በሙቀት የሚቀልጥ ቀለም የታተመበት ስስ ወረቀት ነው። ቀለም ያለበትን ፊት ወደ ጨርቁ ደፍታችሁ በጀርባው ላይ የጋለ ካውያ ትጫኑበታላችሁ። ቀለሙ ቀልጦ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ፊደሉ ወረቀቱ ላይ የተገለበጠው ለዚህ ነው፤ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ይቃናል። ነገሩን በ1870ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ገበያ ላይ ያዋለው ብሪግስ የሚባል የእንግሊዝ፣ የማንቸስተር ድርጅት ነው።

በአሜሪካ ወጥ ቤት ውስጥ የገነነው ግን በ1930ዎቹና ከዚያ በኋላ ነው። ዘመኑ የድህነት ነበር። ዱቄትና ስኳር በጥጥ ከረጢት ይሸጥ ነበር። 100 ፓውንድ ዱቄት የሚይዝ ከረጢት ስፌቱ ሲፈታ 90 ሴንቲ ሜትር በ107 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጨርቅ ይወጣዋል። ሴቶቹ የፋብሪካውን ማህተም በሳሙና፣ በላምባ፣ ባገኙት ነገር ያስለቅቁና ፎጣ፣ የልጅ ልብስ፣ የትራስ ልብስ ይሰፉበታል። ጨርቁ በነጻ ነው። የሚጎድለው ጌጥ ነው። በጥቂት ሳንቲም የሚገኝ የካውያ ንድፍ ክፍተቱን ሞላ። ዛሬም ሱቅ ውስጥ "ፍላወር ሳክ" ተብሎ የሚሸጠው ስስ ነጭ ፎጣ ስሙን ያገኘው ከእነዚያ የዱቄት ከረጢቶች ነው።

የሰባቱ ቀን ድመቶችም ከዚያው ዘመን ሕይወት የመጡ ናቸው። ሰኞ ማጠብ፣ ማክሰኞ መተኮስ፣ ረቡዕ መጠገን፣ ሐሙስ ገበያ፣ ዓርብ ቤት ማጽዳት፣ ቅዳሜ ዳቦ መጋገር፣ እሑድ ዕረፍት። በድመት ፈንታ ቡችላ፣ ባርኔጣዋ ፊቷን የሸፈነባት ልጅ፣ ወይም እጅና እግር ያወጣ ማንኪያና ሳህን የተሳለበትም አለ። እኔ እጅና እግር ያለው ማንኪያ አይመቸኝም። ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ እንዲያየኝ አልፈልግም።

ኦሪጅናሉን መተኮስ

ኦሪጅናሉን ወረቀት ለመተኮስ አንድ ጥሩ ምክንያት አለ፤ እሱም ፍጥነት ነው። ከተሳካ 10 ሰከንድ ነው የሚፈጀው። መስመሩ ጥርት ያለ ይሆናል፤ ሠዓሊው እንዳሰበው። በእጅ ስትቀዱ የድመቷ ፈገግታ ትንሽ ይዛባል። ስትተኩሱ አይዛባም።

ችግሩ "ከተሳካ" የሚለው ነው። 60 እና 70 ዓመት ፖስታ ውስጥ የተኛ ቀለም አመሉ አይታወቅም። ከ11 ቅጠሎቼ ሦስቱ ትናንት እንደታተሙ ሆነው ወጡ። ሁለቱ ደብዘዝ ብለው ወጡ። አንዱ ምንም ጠብ አላለውም፤ ምናልባት ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ደጋግሞ ተጠቅሞበታል። በዓይን ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ፈትኑት። ብዙዎቹ ወረቀቶች ጥግ ላይ የንድፉ ቁጥር ወይም ትንሽ የመሞከሪያ አበባ አላቸው። እሷን ቆርጣችሁ ብጣሽ ጨርቅ ላይ ተኩሱ። ቁጥሩ ካልወጣ ድመቷም አትወጣም።

አተኳኮሱን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ እኔ የከፈልኩትን ዋጋ እንዳትከፍሉ።

ፎጣውን አስቀድማችሁ በሙቅ ውሃ እጠቡ። ማለስለሻ አትጨምሩ፤ ቀለሙ በደንብ እንዳይዝ ያደርጋል። ሲደርቅ ተኩሱትና ገና ሙቅ እንዳለ ንድፉን አስቀምጡበት። የካውያውን ውሃ ድፉ። "እንፋሎቱን አጥፍቻለሁ" ብላችሁ አትመኑት፤ አንዳንዱ ካውያ ጠፍቶም ይተፋል። ሙቀቱን ጥጥ ላይ አድርጉ። ስፖንጅ ያለው የመተኮሻ ጠረጴዛ ለዚህ አይሆንም፤ ሲጫኑት ይሰምጣል። እኔ የእንጨት መክተፊያ ላይ አንሶላ አጥፌ አነጥፋለሁ፣ ከሥሩ ፎይል አደርጋለሁ። ፎይሉ ሙቀቱን መልሶ ወደ ላይ ይልከዋል። ወረቀቱን በአራቱም ማዕዘን በእስፒል ያዙት።

ከዚያ ካውያውን አስቀምጡ፣ ጫን በሉ፣ አንሱ፣ ቀጥሎ ያለው ቦታ ላይ አስቀምጡ። መጎተት የለም። ልብስ ስንተኩስ እጃችን ወዲያና ወዲህ ማለት ለምዷል፤ እዚህ ላይ ያ ልማድ ድመቷን ባለ ሁለት ፊት ያደርጋታል። በየቦታው ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይበቃል። ለአሮጌ ወረቀት ትንሽ ጨምሩበት። ከዚያ አንዱን እስፒል ብቻ ነቅላችሁ ጥጉን ከፍ አድርጋችሁ እዩ። ካልወጣ መልሱትና ድገሙ። ሁሉንም እስፒል ነቅላችሁ ካነሳችሁት ግን ያው ቦታ ላይ መልሶ ማሳረፍ አይቻልም።

አዲስ የታተመውን መግዛት

እዚህ ላይ ራሳችሁን ጠይቁ። የወደዳችሁት ወረቀቱን ነው ወይስ ድመቶቹን? ድመቶቹን ከሆነ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ግብ ግብ መግጠም አያስፈልግም። ሚዙሪ፣ ካንሳስ ሲቲ ያለው የአንት ማርታስ ንድፍ ከ1930ዎቹ ጀምሮ አለ፤ እስከ ዛሬም በፖስታ ታሽጎ ይሸጣል። ሥዕሎቹ አብዛኞቹ በድሮው አሳሳል ናቸው። ቀለሙ ትኩስ ስለሆነ አንዱ ወረቀት ከአንድ ጊዜ በላይ ይታተማል። ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። በሁለተኛው ፎጣ እጅ ይፈታል።

አዲስም ሆነ አሮጌ፣ የካውያ ንድፍ የሚያስከፍለው አንድ ዋጋ አለ። መስመሩ ወፍራም ነው። በሁለት ነጠላ ክር ብትጠልፉት ሰማያዊው ከጎንና ከጎን ብቅ ይላል። "ሲታጠብ ይለቃል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። የተወሰነው ከብዙ እጥበት በኋላ ይደበዝዛል፤ ግን በዚያ ተስፋ ፎጣ አይጠለፍም። መስመሩ በክር መሸፈን አለበት።

መቅዳት

የድሮ ወረቀት እጃችሁ ከገባ፣ ልትተኩሱትም ብታስቡ፣ መጀመሪያ ስካን አድርጉት። ስካነር ከሌለ በስልክ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። ስልኩ ላይ ምስሉን ግራና ቀኙን ገልብጡትና ፊደሉ ሲቃና አትሙት። አሁን ወረቀቱ ቢቀደድም ድመቷ አለች። ማተሚያ ከሌላችሁ ሌላ መላ አለ። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ጀርባውን ወደ እናንተ አዙራችሁ ብርሃን ላይ ስትይዙት መስመሩ ተቃንቶ ይታያል። በላዩ ነጭ ወረቀት ደርባችሁ በእርሳስ መቅዳት ነው። አሮጌው ወረቀት ላይ ፕላስተር እንዳትለጥፉ ብቻ። ሲነቀል ወረቀቱን ይዞት ነው የሚሄደው።

ከዚያ ቅጂውን ጨርቁ ላይ ለማውረድ አራት መንገድ አለ። እኩል አልወዳቸውም።

በጣም የምወደው መስኮት ነው። ቅጂውን ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ለጥፉ፣ ፎጣውን በላዩ ወጥሩ፣ በውሃ በሚለቀው ሰማያዊ እስክሪብቶ ተከተሉት። ክንድ ያደክማል። ማታ ከሆነ የመስታወት ጠረጴዛ ሥር መብራት ማስቀመጥ ይቻላል። ነጭና ስስ ጨርቅ ላይ ከዚህ የሚበልጥ የለም፤ መስመሩ ቀጭን ነው፣ ተሳስታችሁም ታስለቅቁታላችሁ። ግን አንድ ሕግ አለው። ጥልፉ ሲያልቅ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ያለ ሳሙና። ሰማያዊው ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ካውያ ካሳያችሁት እዚያው ይጋገራል። ሐምራዊ የሚባለው፣ በአየር ብቻ የሚጠፋው እስክሪብቶ ደግሞ ለፎጣ አይሆንም። በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። ልጅ ያላት ሴት ፎጣ በሁለት ቀን አትጨርስም።

በሙቀት የሚጠፋ እስክሪብቶም አለ። በ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ቀለሙ ይሰወራል። ካውያ ስታስጠጉት እልም ይላል፤ ሲያዩት ደስ ይላል። ነገር ግን መሰወር ነው እንጂ መልቀቅ አይደለም። ከዜሮ በታች ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሲደርስ ይመለሳል። ሚኒሶታ ላለች ዘመዴ በጥር ወር በፖስታ ሁለት ፎጣ ልኬላት ነበር። ደጅ ላይ ፖስታ ሣጥን ውስጥ አድሮ ሲከፈት የንድፉ መስመር ከነስህተቱ ተመልሶ መጥቷል። "እንዴት ያለ ጥላ ያለው ጥልፍ ነው የላክሽልኝ?" ብላ ደወለች። እንደገና ብትተኩሰው ይጠፋል። ግን ስጦታ ከመመሪያ ጋር አይሰጥም።

ሦስተኛው ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ተለጣፊ ወረቀት ነው። ንድፉን በቤት ማተሚያ ታትሙበታላችሁ፣ ከጀርባው ልጣጩን ትልጡና ፎጣው ላይ ትለጥፉታላችሁ፣ በላዩ ትጠልፋላችሁ፣ ሲያልቅ ለብ ባለ ውሃ ይሟሟል። ጥቁር ፎጣ ላይ፣ ወጣ ገባ ባለው ዋፍል ጨርቅ ላይ፣ ጸጉራም ፎጣ ላይ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ዋጋው ግን በቅጠል ሲሰላ ይከብዳል። መርፌውም እየተጣበቀ ያስቸግራል፤ በየጊዜው በአልኮል መጥረግ ይፈልጋል። አጥባችሁ ሲደርቅ ጨርቁ ድርቅ ካለባችሁ ሙጫው አልወጣም ማለት ነው፤ መልሳችሁ ዘፍዝፉት።

አራተኛው ካርቦን ነው። የእማዬ ካርቦን የቢሮ ነበር፤ ታይፕ የሚመታበት ሰማያዊው። እጅ ሲያርፍበት ሁሉ ያትማል። "አንድ የትራስ ልብስ ላይ አምስቱም ጣቴ ወጥቶ ነበር፤ በላዩ አምስት ቅጠል ጠለፍኩበት" ትላለች። ያንን አትግዙ። የልብስ ስፌት ካርቦን ለብቻው አለ፤ ሲታጠብ ይለቃል፣ ነጭና ቢጫም ስላለው ለጠቆር ያለ ጨርቅ ይሆናል። ችግሩ ስትጠልፉ መስመሩ በእጃችሁ እየተሻሸ መደብዘዙ ነው። ለትንሽ ንድፍ ጥሩ ነው፤ ለሰባት ቀን ድመት አይበቃም።

ጨርቁ

ፍላወር ሳክ ፎጣ ርካሽ ነው፣ ውሃ ይጠጣል፣ ብርጭቆ ላይ ብናኝ አይተውም። ስስ ስለሆነ መስኮት ላይ ለመቅዳት ይመቻል፤ ካውያውንም ይወዳል። ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛ፣ በመጀመሪያው እጥበት በጣም ያጥራል። ሳታጥቡ ከጠለፋችሁ ጨርቁ ሲሰበሰብ ጥልፉ እንደ ቋጠሮ ይነሳል። ሁለተኛ፣ ብዙ ጊዜ ጠምሞ ነው የሚቆረጠው። ጠርዙን አምናችሁ ንድፉን ካስቀመጣችሁ ድመቷ ትንጋደዳለች። እኔ ፎጣውን በመሐል አጥፌ በካውያ መስመር አወጣለትና በዚያ ነው የማስተካክለው።

ሊነን፣ ማለትም ከተልባ ቃጫ የሚሠራው ጨርቅ፣ ውድ ነው። ለሠርግ ወይም ለቤት ምርቃት ስጦታ ከሆነ ግን ያዋጣል። ኃይለኛ ካውያ ይችላል፤ በታጠበ ቁጥር ይለሰልሳል። እዚያ ላይ አሮጌ ወረቀት አልተኩስም። ካልተሳካ የሚባክነው ፎጣው ነውና።

ዋፍል ላይ የካውያ ንድፍ አትሞክሩ። ቀለሙ ጉብታው ላይ ያርፍና ጎድጓዳው ባዶ ይቀራል። ጸጉራሙ ፎጣ ላይም ያው ነው። ግን ጸጉራም ፎጣ ብዙ ጊዜ ጫፉ አካባቢ ጸጉር የሌለው ጠፍጣፋ መቀነት አለው። ትንሽ አበባ ወይም ስም ከሆነ እዚያ ላይ ያምራል። የማይክሮፋይበር ፎጣ ፕላስቲክ ነው፤ የጥጥ ሙቀት አይችልም፤ እሱን ለመኪና ተዉት።

እማዬ ስለ ፎጣ ስናወራ የጠየቀችው ጥያቄ ሌላ ነው። "አቡጀዲ የለም እንዴ?" አለች። እዚህ ሙስሊን ይሉታል። ያልነጣ፣ ወፈር ያለ፣ የሽሮ ቀለም የሚመስል ጥጥ። በሜትር ሲገዛ ከሁሉም ይረክሳል። ሲገርመኝ የኖረ ነገር ልንገራችሁ። በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ይገባ የነበረው አቡጀዲ አብዛኛው የአሜሪካ ነበር። በ1903 የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር የንግድ ውል ለመዋዋል አዲስ አበባ ሲሄድ በሁለቱ አገሮች መካከል ከነበረው ንግድ ዋናው የጥጥ ጨርቅ ነበር። እናም እማዬ ሜሪላንድ ውስጥ አቡጀዲ ስትፈልግ ጨርቁ ዞሮ ቤቱ ገባ ማለት ነው። ለፎጣ ግን ፍላወር ሳክን አይተካም። መጀመሪያ ላይ ውሃ አይጠጣም፤ ሦስት አራት ጊዜ ሲታጠብ ነው የሚገራው። ለእንጀራ መሸፈኛ ወይም ለዳቦ መጠቅለያ ግን የምመርጠው እሱን ነው። ክሬም መልኩ ላይ ቀይ ክር ሲያርፍበት ደግሞ ሌላ ነው።

ክርና ስፌት

ስለ ክር እማዬ ክርክር አትቀበልም። ዲ ኤም ሲ ካልሆነ አትነካም። ድርጅቱ በ1746 ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ባለችው ሙሉዝ የተቋቋመ ነው። አገር ቤት ሳለችም የምታውቀው እሱን ነው። አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ነው፤ ስድስት ነጠላ ክር ተጣምሮ የተሠራ ነው፤ እንደ ፍላጎታችሁ እየለያችሁ ትጠቀማላችሁ። ስም የሌለውን መቶ ጥቅል በአንድ ላይ የሚሸጠውንም ገዝቻለሁ። ለመለማመጃ ይሆናል። ቀዩን ግን ነጭ ፎጣ ላይ አላሳርፍም። የወጥ ቤት ፎጣ በሙቅ ውሃ፣ አንዳንዴም በበረኪና ነው የሚታጠበው፤ የክሩ ቀለም ያንን ካልቻለ ፎጣው ሮዝ ይሆናል። የትኛውንም ቀይ ክር ከመጀመራችሁ በፊት ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ጨመቅ አድርጋችሁ እሹት። ነጩ ላይ ቀይ ከታየ ተዉት።

የድሮዎቹ አሜሪካውያን ሴቶች ከዚህ ፎጣ በፊትም በአንድ ቀይ ክር ብቻ መጥለፍ ይወዱ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቱርክ ቀይ የሚባለው ቀለም በእጥበት ስለማይለቅ ነው። እኔም ለጀማሪ አንድ ቀለም ብቻ እላለሁ። ለድመቷ ስድስት ቀለም ስትመርጡ ስድስት ጊዜ ክር ትቀይራላችሁ፤ በጀርባው በኩል ደግሞ የክር ጫካ ይበቅላል። የወጥ ቤት ፎጣ ጀርባ የለውም፤ ሁለቱም ፊቱ ይታያል። ስለዚህ ቋጠሮ አታድርጉ። የክሩን ጫፍ ከተሰፋው ሥር አሳልፋችሁ ቁረጡት። እማዬ የሰው ጥልፍ ስታይ መጀመሪያ የምትገለብጠው ጀርባውን ነው። ፊቱን አይታም የማታውቅ ይመስለኛል።

መስመሩ በካውያ የታተመ ከሆነ ሦስት ነጠላ ክር ያዙና ሰንሰለት ስፉ፣ ወይም ከፊት እየሄዱ ግማሽ መንገድ ወደ ኋላ የሚመለሱትን፣ ገመድ መስሎ የሚወጣውን ስፌት። ሰንሰለት ሰፊ ስለሆነ ወፍራሙን ቀለም አፍኖ ይይዘዋል። በእስክሪብቶ የተቀዳ ከሆነ ሁለት ነጠላ ክር ይበቃል፤ የድመቷ ጺም እንኳን በአንድ ነጠላ ያምራል። ውስጡን እየሞሉ የሚጠልፉትን ለፎጣ አልመክርም። ረጅም ክር ሳህን ሲደርቅበት በሹካ ይመዘዛል። ለዓይን ሁለት ዙር የተጠመጠመ ቋጠሮ ይበቃል።

ሁፕ የሚሉትን ክብ የእንጨት መወጠሪያ ሥራ ስታቆሙ አውልቁት። ረስታችሁት ሳምንት ካደረ ክቡ እንደ ቀለበት ይቀራል፤ በካውያ የታተመ መስመር ካለ ደግሞ ያሻሸዋል።

የራሳችሁን ንድፍ

ስድስት ድመት ጠልፈን ስንጨርስ (ሰኞ የለችም፤ ታሪኳን ነግሬአችኋለሁ) እማዬ ተራ በተራ አየቻቸውና "ረቡዕና ዓርብ ጾም አይደለም እንዴ? ምን ድመት አመጣው?" አለች። እሷ የምትፈልገው የሽሮ ድስት ነው። ቅዳሜ ጀበና። የሽሮ ድስትና ጀበና ያለበት የድሮ የካውያ ንድፍ ግን እኔ እስካሁን አላየሁም። እዚህ ላይ ነው አምስተኛው መንገድ የሚመጣው፤ የካውያ እርሳስ። ስስ ወረቀት ላይ በእርሳሱ ትስላላችሁ፣ ወረቀቱን ደፍታችሁ ትተኩሳላችሁ። የራሳችሁ የካውያ ንድፍ ሆነ ማለት ነው። አንዴ የተሳለው ሁለት ሦስት ጊዜ ሊያትም ይችላል፤ ለእህቶች አንድ ዓይነት ለመሥራት ይመቻል። ጉዳቱ የእርሳሱ ጫፍ ቶሎ መደነዙ ነው፤ በየደቂቃው ካልተቀረጸ መስመሩ ይወፍራል። ሲተኮስ ደግሞ ከተሳለው በላይ ይሰፋል። ቀለሙም እንደ ፋብሪካው ሁሉ የሚቀር ነው።

ድስቱን እኔ ሳልኩት። ክዳኑን ከፍ አድርጌ እንፋሎት አወጣሁለት። ከሥሩ "ረቡዕ" ብዬ ጻፍኩ፣ ተኮስኩ፣ አነሳሁ። "ዕቡረ" የሚል አይደለም የወጣው፤ እሱስ በተሻለ። እያንዳንዱ ፊደል ራሱ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የወጣው። ሰማያዊ ድመቶችን ስድስት ጊዜ ተኩሼ፣ ስድስት ጊዜ ተገልብጦ የተጻፈ ፊደል አይቼ፣ የራሴን ስጽፍ ረሳሁት። እማዬ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ጠለፍነው ግን። ምድጃው እጀታ ላይ ይሰቀላል፤ ማይክሮዌቩ በር ላይ ሲያንጸባርቅ ተቃንቶ ይነበባል።

ዓርብን እሷ ራሷ ጻፈችው። መጀመሪያ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፈች፣ ገልብጣ መስኮት ላይ ለጠፈች፣ ከዚያ በካውያ እርሳሱ ተከተለችው። 

የሰኞዋ ድመት የምድጃ መወልወያ ሆናለች። ሁለት ጊዜ በረኪና ውስጥ አድራለች። ጆሮዋ አሁንም ሰማያዊ ነው።